ከለር ሌዘር ከመግዛትዎ በፊት የቶነሩን ዋጋ ይጠይቁ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ የሂሳብ ቢሮ አለኝ። ቢሮው ከመኖሪያ ቤቴ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። በወር 600 ገጽ ገደማ እናትማለን። ከለር የሚሆነው ቢበዛ 100 ነው፤ ሪፖርት፣ ፕሮፖዛል፣ አንዳንዴም የልጆቼ የትምህርት ቤት ሥራና ፎቶ። ከዚህ በፊት ሁለት ኢንክጄት ገዝቼ ሁለቱም ቀለማቸው ደርቆ ተጥለዋል። አሁን አሮጌውን ጥቁርና ነጭ ሌዘሬን ሸጬ ሁሉንም የሚሠራ አንድ ከለር ሌዘር ልገዛ ነው። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ለመስቀል ሲመጣ ይዞልኝ ሊመጣ ይችላል፤ እዚያ በጣም ርካሽ ነው ይላል። የትኛውን ሞዴል ላስመጣ?»

ምላሽ፦ አሮጌውን ሌዘር አይሽጡት። ወንድምዎም ፕሪንተር ተሸክሞ አይምጣ። ከለር ሌዘር ለመግዛት ማሰብዎ ግን ትክክል ነው፤ እዚሁ ይግዙ። ምክንያቱን ካወቁ ሱቅ ውስጥ የሚነገርዎትን ራስዎ መመዘን ስለሚችሉ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

መጀመሪያ ስለሞቱት ኢንክጄቶች። ጥፋቱ የማሽኖቹ ብቻ አይደለም። ኢንክጄት ፈሳሽ ቀለሙን የሚረጨው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ለሳምንታት ሳይሠራ ከቆመ ቀለሙ እዚያው ይደርቃል። የሂሳብ ቢሮ ሥራ ደግሞ ወቅት አለው። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ፋታ የለም። ከዚያ በኋላ አንድም ከለር ገጽ ሳይታተም ወር ሊያልፍ ይችላል። ኢንክጄት የሚሞተው ያኔ ነው። በየቀኑ ከለር የሚያትሙ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላውን ባለታንክ ኢንክጄት፣ እነ ኤፕሰን ኢኮታንክን፣ እመክርዎ ነበር። በገጽ ዋጋ ከለር ሌዘር አጠገቡም አይደርስም። እርስዎ ግን ይሠራሉ፣ ይተዉታል፣ እንደገና ይሠራሉ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው በዱቄት የሚያትመው ሌዘር ይሻላል። ዱቄት አይደርቅም።

ቶነር የምንለው ያንን ዱቄት ነው፤ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ድራም የሚባል ሲሊንደር አለ። ብርሃን እሱ ላይ የገጹን ምስል በኤሌክትሪክ ይሥላል፤ ዱቄቱ ምስሉ ላይ ይጣበቅና ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ በፊውዘር ውስጥ ያልፋል። ፊውዘሩን እንደ ምጣድ ይቁጠሩት፤ እስከ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ዱቄቱን አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ይጋግረዋል። ሌዘር ያተመው ጽሑፍ ውሃ ሲነካው የማይለቀው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የኢንክጄት ፎቶ ወረቀት ሌዘር ውስጥ ከከተቱ አንጸባራቂው ልባሱ ምጣዱ ላይ ቀልጦ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚከፍሉት የፊውዘር ዋጋ ነው። ልጆች ካሉበት ግቢ እንዲህ ዓይነት ማሽን ስንት ጊዜ ፈትቻለሁ መሰለዎ! የልጆቹን ፎቶ ፎቶ ቤት ያሳጥቡ። ከለር ሌዘር ግራፍ፣ ሠንጠረዥ፣ አርማና ርዕስ ያሳምራል፤ የሰው ፊት ላይ ግን ደካማ ነው።

አሁን ወደ ሜሪላንድ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ሁለቱንም ስለሚቀበል ሰው ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለዋል። ሌዘር ፕሪንተር በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ፊውዘሩና የኃይል ቦርዱ ለአንዱ ቮልት ብቻ ተደርገው ነው የሚሠሩት። አንድ ደንበኛዬ ከውጭ የመጣለትን አዲስ ፕሪንተር ከካርቶን አውጥቶ፣ በአዳፕተር ሶኬት ቀጥታ ሰካው። ቷ አለ፤ አለቀ። አንድ ገጽ ሳያትም ነው ወደ እኔ የመጣው። ቦርዱን ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀ።

ትራንስፎርመር እገዛለሁ ይሉ ይሆናል። ፊውዘሩ ሲግል በአንድ ጊዜ 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ያቺ ለፀጉር ማድረቂያ የምትሸጠው ትንሿ አትችለውም። ቢያንስ 2,000 ዋት የምትችለው ትፈለጋለች፤ እሷም ከባድና ውድ ናት። ግድ የለም ገዙ እንበል። ያኔ ሰው ልብ የማይለው ሁለተኛው ችግር ይመጣል። ካርትሪጅ፣ ማለትም የቶነሩ መያዣ፣ ክልል አለው። ቺፑ ላይ የየትኛው የዓለም ክፍል ገበያ እንደሆነ ተጽፏል፣ ፕሪንተሩም ያነብበዋል። ለምሳሌ የኤችፒ ኤም255 ለአሜሪካ የተሠራው 206ኤ የሚባለውን ካርትሪጅ ይፈልጋል። ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ የተሠራው ደግሞ 207ኤን። በመልክ መንታ ናቸው። እዚህ ሱቅ የሚገኘውን 207ኤ የአሜሪካው ማሽን ውስጥ ሲከቱት ግን አላውቅህም ይላል። ስለዚህ አሜሪካ ያለው ወንድምዎ ዕድሜውን ሙሉ ቶነር ሲልክልዎ ሊኖር ነው። ዋስትናውም ቢሆን እዚያው ይቀራል።

የትኛውን ሞዴል ለሚለው ጥያቄ ሰው ብዙ ጊዜ መልስ የሚጠብቀው በብራንድ ስም ነው። የውጭው ስም ያን ያህል ሊያስጨንቅዎ አይገባም። ኤችፒ በ1984 የመጀመሪያውን ሌዘርጄት ሲያወጣ የውስጡ ሞተር የካኖን ነበር። በ2017 ደግሞ የሳምሰንግን የፕሪንተር ሥራ ጠቅልሎ ገዝቷል፤ ዛሬም አንዳንድ ትንንሽ ከለር ማሽኖቹን ስከፍታቸው የማውቀውን የሳምሰንግ ሆድ አያለሁ። የብራዘር አነስተኛ ከለር ማሽኖች እንዲያውም ሌዘር አይደሉም፤ በኤልኢዲ መብራት ነው የሚሠሩት። ለእርስዎ ምንም አይለውጥም። የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው። ቶነሩ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሱቅ ይገኛል? በስንት? ስንት ገጽስ ይሠራል?

የገጹን ቁጥር ልንገርዎ። ካርቶኑ ላይ «1,250 ገጽ» ካለ፣ ቁጥሩ የተለካው በዓለም አቀፍ ደረጃ በተወሰኑ የሙከራ ገጾች ነው። በእነሱ ላይ እያንዳንዱ ቀለም የሚሸፍነው ከገጹ 5 በመቶ ያህሉን ነው። አርማ ከላይ፣ ጽሑፍ ከታች፣ ጥቂት ቀለም መሐል። የእርስዎ ፕሮፖዛል ሽፋን ግን ግማሽ ገጹ ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ (ዛሬ የማን አይደለም!)፣ ያ ሰማያዊ የሚሠራው ከሲያን (ቀለል ያለ ሰማያዊ) እና ከማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) ነው። ሁለቱም ከ5 በመቶ ወደ 50 በመቶ ሊጠጉ ይችላሉ። አሥር እጥፍ ማለት ነው። 1,250 ገጽ ይላል የተባለው ካርትሪጅ በ125 ሽፋን ያልቃል። ከዚያ ሰው ሻጩን አታላይ ይላል። ሻጩ አላታለለም፤ ሽፋኑ ነው የበላው። ዲዛይኑን ነጭ አድርጉት፣ ቀለሙን ለርዕስና ለመስመር ብቻ ተዉት። ከማንኛውም የቶነር ቅናሽ ይህ ይበልጣል።

አሁን ስሌቱን በራስዎ ሥራ እንየው። የ207ኤ ጥቁሩ 1,350 ገጽ፣ ሦስቱ ቀለማት እያንዳንዳቸው 1,250 ገጽ ይላሉ። ለሂሳብ እንዲመች አንዱ ካርትሪጅ 10,000 ብር ነው እንበል። የዛሬ ዋጋ ነው እያልኩ አይደለም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የቶነር ዋጋ ጽፎ ማስቀመጥ ትርፉ መዋሸት ነው። በዚህ ሂሳብ ጥቁር ገጽ 7 ብር ከ40 ሳንቲም ይወጣል። አራቱንም የሚጠቀም ከለር ገጽ ደግሞ 31 ብር ከ40። እርስዎ በወር 100 ከለር ያትማሉ፤ በዓመት 1,200። ሽፋኖቹን ካስተካከሉ አንድ ሙሉ የአራት ካርትሪጅ ስብስብ ዓመት ሊያደርስዎ ይቀርባል። ይህ ይቻላል። ቀሪው 500 ጥቁር ገጽ ግን በዓመት 6,000 ነው። አሮጌውን ሽጠው ሁሉንም በከለሩ ካተሙ ለጥቁር ብቻ አራት ተኩል ካርትሪጅ ይጨምራሉ። ለዚያ ሥራ የሚሆን ማሽን ቤትዎ ቁጭ ብሏል፤ ካርትሪጁን ደግሞ የትም ሰፈር በትንሽ ገንዘብ ይሞሉልዎታል። እሱን ሽጦ ሥራውን ለከለር ማሽን መስጠት ቮልስ ሸጦ በሊሞዚን ጤፍ ማመላለስ ነው።

ማስሞላት ካልን አይቀር፣ ከለሩንም አስሞላለሁ እንዳይሉ። የጥቁር ሪፊል ሁለት ሦስቴ ጥሩ ይሠራል፤ እኔም እሞላለሁ። ከለር ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዱቄት የሚይዘው ኤሌክትሪክና የሚቀልጥበት ሙቀት ከማሽኑ ጋር መስማማት አለበት። ካልተስማማ አርማዎ አረንጓዴ መስሎ ይወጣል፤ ዱቄቱ እየፈሰሰ ቀለሙን ወደ ወረቀቱ የሚያሻግረውን ቀበቶ ያበላሻል፤ ወይም በጣት ሲነኩት ይለቃል። ካስፈለገ ሙሉ አዲስ «ኮምፓቲብል»፣ ማለትም ሌላ ኩባንያ የሠራው፣ ካርትሪጅ ይሻላል። እሱም ጣጣ አለው። አንዳንድ ኩባንያዎች፣ ኤችፒን ጨምሮ፣ የእነሱ ያልሆነን ቺፕ በሶፍትዌር ማሻሻያ ያግዳሉ። ትናንት ሲሠራ የነበረ ካርትሪጅ ዛሬ ጠዋት አልቀበልም ሊባል ይችላል። እንደዚህ ዓይነት ካርትሪጅ ለመጠቀም ካሰቡ ማሽኑ ገና ሲገጠም አውቶማቲክ ማሻሻያውን ያጥፉት።

ሱቅ ሲገቡ በጣም ርካሹ ከለር ሌዘር ዓይንዎን ይስበዋል። ከመግዛትዎ በፊት «ከለር በደቂቃ ስንት ገጽ?» ብለው ይጠይቁ። ኤችፒ 150ኤ የሚባለው ትንሹ ማሽን ጥቁር በደቂቃ 18 ያወጣል፤ ከለር ግን 4 ብቻ። ድራሙ አንድ ስለሆነ አራቱን ቀለም ተራ በተራ፣ አራት ጊዜ ዞሮ ነው የሚሠራው። ፍጥነቱን ችለው ሊኖሩ ይችላሉ። የማይቻለው ሌላው ነው፤ ያ ድራም 16,000 ጥቁር ገጽ ወይም 4,000 ከለር ገጽ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ጥቁር ካርትሪጁ 1,000፣ ከለሮቹ 700 ገጽ ናቸው። ማሽኑ ይረክሳል፤ ሆዱ ግን አይጠግብም። ኤም255ን በመሰሉት ላይ አራቱ ቀለማት በሰልፍ ተደርድረው ወረቀቱ አንዴ ያልፋል። ጥቁርም ከለርም በደቂቃ 21 ገጽ ነው፤ ድራሙም ካርትሪጁ ውስጥ ስላለ ካርትሪጅ በተቀየረ ቁጥር አብሮ ይታደሳል። ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጡት ካርትሪጆች ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደሉም፤ «ማስጀመሪያ» ናቸው። ቶሎ አለቁ ብለው እንዳይደነግጡ።

ስለ መብራት አንድ ነገር። ሌዘርን ዩፒኤስ ላይ አይሰኩ። ለኮምፒውተር የተገዛችው ትንሿ ዩፒኤስ ፊውዘሩ በጋለ ቁጥር ትጮሃለች፣ በመጨረሻም ትቃጠላለች። ለብቻው ግድግዳው ላይ፣ ከተቻለ አቅሙ 2,000 ዋት በሚሆን ስታቢላይዘር ይሰኩት። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ማሽን የሚያቃጥለው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። በሕትመት መሐል ከሄደና ወረቀት ፊውዘሩ ውስጥ ከቀረ አይጎትቱት። ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ።

የአዲስ አበባ ከፍታም ለሕትመቱ ትርጉም አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ድራሙን የሚሞላው ከፍተኛ ቮልት በባሕር ጠረፍ ከተሞች እንደሚሠራው አይሠራም። ውጤቱ ያልታሰበ ነጠብጣብ ወይም የደበዘዘ ቀለም ነው። ሰው ቶነር ይቀይራል፤ አይለቅም። ብዙ ማሽኖች፣ በተለይ የሳምሰንግና የዜሮክስ ዘሮች፣ በማስተካከያቸው ውስጥ የከፍታ ምርጫ አላቸው። እሱን ማስተካከል ብቻ ያዳናቸውን ማሽኖች አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ደግሞ ከግዢ በፊት መመሪያው የሚፈቅደውን ከፍታ ማየት ግዴታ ነው። በክረምት ወረቀቱን ከፓኬቱ አውጥተው አያስቀምጡ፤ እርጥበት የነካው ወረቀት ይጠቀለላል፣ ማሽኑ ውስጥም ይሰነቀራል።

«ከዱባይ የመጣ፣ ብዙ ያልሠራ» የሚባል ያገለገለ ማሽን ማቅረባቸው አይቀርም። የቆጣሪ ገጹን ሳያሳትሙ ዋጋ አይነጋገሩ፤ ስንት ገጽ እንዳተመ እዚያ ላይ አለ። ከዚያ አራቱን ቀለም እየለዩ ሙሉ ገጽ ያሳትሙ። አንድ ነጥብ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ከታየ የሚሽከረከር ዕቃ ተጎድቷል። የሳምሰንግ ስም ያለበትን ያገለገለ ከለር ማሽን እኔ አልገዛም፤ ቶነር ፍለጋው ያደክማል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። አሮጌው ሌዘር ለዕለት ሥራ ይቆይ። በ220 ቮልት የሚሠራ፣ አራቱን ቀለም በአንድ ማለፍ የሚያትም፣ በወረቀቱ ፊትና ጀርባ የሚያትምና ኔትወርክ ያለው ከለር ሌዘር ይግዙ፤ ኤም255ን ወይም የሌላ ብራንድ አቻውን። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከማሽኑ ሻጭ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሁለት ሱቆች ሄደው የአራቱንም ካርትሪጅ ዋጋ ይጠይቁ። አንደኛው ሱቅ ብቻ ካለው፣ ወይም «እናስመጣልዎታለን» ካሉዎት፣ ሌላ ሞዴል ይምረጡ። ማሽኑ ሲገጠም የሁሉንም ኮምፒውተር ምርጫ ጥቁር ብቻ ላይ ያድርጉ፤ ከለር የሚፈልግ ሰው አስቦ ይምረጥ። ቢጫው አልቆ ሳለ ጥቁር ደብዳቤ አላትምም የሚል ማሽን ሊያጋጥምዎ ስለሚችል ከየቀለሙ አንድ መለዋወጫ ይያዙ፤ ከዚያ በላይ አያከማቹ። ዱቄቱ ከፈሰሰ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ እጅና ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው፣ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል። የቤት ቫክዩም አይጠቀሙ፤ ዱቄቱ ማጣሪያውን አልፎ ይበተናል።

ወንድምዎ ባዶ እጁን መምጣት ካልፈለገ ደግሞ የሰነድ ስካነር ያምጣልዎ፤ የደንበኞችዎን ደረሰኝ ቁልል በአንድ ጊዜ የሚውጥ ዓይነት። ብዙዎቹ በአዳፕተር ነው የሚሠሩት። ከመግዛቱ በፊት አዳፕተሩ ላይ «100-240» የሚል መኖሩን ይይልዎ። ካለ እዚህም ይሠራል፤ ቶነርም አይጠይቅም።